ማሰሪያ አንቀጽ

«አባዬ እንኳን ሊፈልጉት የአንዱንም ስም አያስታውሱም። መጥተህ ውሰደው፤ ቦታ ነው የያዘብን።»

ይህን በስልክ ለአንድ አሮጌ ዕቃ ገዥ የምትናገረው ታላቅ እህት ናት፣ ሳሎን ሆና። የሰማችው ታናሺቱ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ፊቷን ሳሙና አልብሳ ነበር። ውሰደው የተባለው የአባታቸው የመሣሪያ ሣጥን ነው። ሰውየው ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ አሳንሰር ሲጠግን የኖረ ነው፤ በዚያ ሣጥን ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን መፍቻና ጉጠት ዓይኑን ጨፍኖ በመዳሰስ ብቻ ለይቶ ያውቃል። ፊቷን በቅጡ ሳታለቀልቅ ፎጣ ይዛ ወጣች። አባቷ ከስልኩ ሁለት ክንድ በማይርቅ ወንበር ላይ፣ ብርድ ልብስ ጉልበቱ ላይ ጣል አድርጎ ተቀምጧል። ሁሉንም ሰምቷል። ይቆጣል፣ ቢያንስ ቀና ብሎ ያያል ብላ ጠበቀች። እሱ ግን ስለ ሌላ ሰው እንደሚወራ ሁሉ ራሱን ቀስ እያደረገ ይነቀንቅ ነበር፤ አዎ፣ አያስታውሱም፣ እውነትሽን ነው የሚል ይመስላል።

ታላቂቱን «እትዬ» ነው የምትላት። እትዬ የምትኖረው በመኪና አራት ሰዓት በሚያስኬድ ሌላ ከተማ ነው፤ ለአንድ ሳምንት ልጠይቃችሁ ብላ መጥታ እነሆ ስድስተኛ ሳምንቷን ያዘች። ክፉ ሰው አይደለችም፤ ክፉ ብትሆንማ ነገሩ በቀለለ። በመጣች በሳምንቷ አባታቸው ደረጃ ሲወጣ ዞሮበት ግድግዳ ተደገፈ። ልብ በሉ፣ ይህ ሰው ከዚያ በፊት በነበረው ቅዳሜ የጎረቤት ማቀዝቀዣ ከምድር ቤት እስከ ሦስተኛ ፎቅ በትከሻው ያወጣ ሰው ነው። ያም ሆኖ እትዬ ክንዱን ይዛ ክሊኒክ ወሰደችው፤ በማግስቱ ዓርብ ውጤቱን ከመስኮት ተቀብላ እዚያው በረንዳው ላይ አነበበችው። የልብ ድካም። ከዚያ ወዲህ በዚህ ቤት ሁሉም በጣቱ ነው የሚራመደው። እትዬ በሩ ሲዘጋ እንዳያስደነግጠው ብላ መቀርቀሪያውን በጨርቅ ጠቅልላዋለች። ጨው ቀርቷል፤ የጨው ምትክ ሎሚ ሆኗል፤ የሎሚ ዋጋ እጥፍ መሆኑም ጠዋትና ማታ ይነገራል። ከሁሉ ከሁሉ ደግሞ እትዬ አባቷን አንቱ ማለት ጀመረች።

አይ፣ ይህን እንዲሁ ማለፍ አይገባም። በዚህ ቤት አባት አንቱ ተብሎ አያውቅም። «አባዬ አንተ ደግሞ ታበዛዋለህ» ተብሎበት፣ ተቀልዶበት፣ ኩርኩም በቀመሱበት ዘመን እንኳ «አንተ ክፉ» ተብሎበት የኖረ ቤት ነው። እትዬ ያን ዓርብ ማታ ሾርባ ይዛ ገብታ «አባዬ፣ ትንሽ ይቅመሱ» ስትል ታናሺቱ ሌላ እንግዳ የመጣ መስሏት ወደ በሩ ዞራ ነበር። አባትየው ግን ሾርባውን ተቀበለና ቀመሰ። አንቱታው እንደ አዲስ ኮት ለካውና ልኩ ሆኖ አገኘው።

ዛሬ ደግሞ በአሥራ አንድ ሰዓት የእትዬ ባል መኪና ይዞ ይመጣል። አባዬ ጠቅልሎ ሊሄድ ነው። እዚያ ደረጃ የለም፣ እዚያ የምታውቀው ሐኪም አለ፣ እዚያ መስኮት ዳር አልጋ ተዘጋጅቶለታል። እንደ ሄደ እንደማይመለስ ሁሉም ያውቃል፤ የሚናገር የለም። ልብ ነው ከተባለ ማን አፉን ሞልቶ አይሆንም ይላል?

ታናሺቱ ወደ ሥራ ልትወጣ ስትል አባቷን ልትስመው ጎንበስ አለች። ሁለት ጣቱን አንገቱ ሥር ለጥፎ ግድግዳ ላይ ያለውን ሰዓት ያይ ነበር።

«ስንት ሆነ?» አለችው።

«አታቋርጪኝ፣ ገና ነኝ» አለ።

የምትሠራው የኮምፒውተር ጨዋታ የሚያመርት ድርጅት ውስጥ ነው። ከመነጽር መሸጫ በላይ ያለ አራተኛ ፎቅ፣ ፀሐይ ስክሪኑን እንዳይመታው መጋረጃው ቀኑን ሙሉ የተጋረደ፣ ሠላሳ ሰው ማዳመጫ አጥልቆ የሚቀመጥበትና ከሰው ይልቅ ኪቦርድ የሚጮህበት ክፍል። እዚያ በስሟ የሚጠራት የለም። ስሟ «ሚዛን» ነው፤ ሥራዋ ሚዛን መጠበቅ ስለሆነ። ጨዋታው ቀላል ነው። አምስት ሰው በአንድ ወገን፣ አምስት ሰው በሌላ ወገን፣ መሀላቸው አንድ የፈረሰ ፋብሪካ፣ እና አሥራ አራት ዓይነት የጦር መሣሪያ። በየቀኑ መቶ ሺህ ሰው በየቤቱ ተቀምጦ እርስ በርሱ ይታኮሳል። ከአሥራ አራቱ አንዱ መሣሪያ ትንሽ ከገነነ ሁሉም ሰው እሱኑ ያነሣል፤ የቀሩት አሥራ ሦስቱ ጌጥ ሆነው ይቀራሉ፤ ጨዋታው ይሞታል። ስለዚህ ሚዛን ቀኑን ሙሉ ቁጥር ስታይ ትውላለች። የገነነውን ዝቅ፣ ያነሰውን ከፍ። ደግሞ ብልሃቱ ማንም በእጁ ላይ እንዳይሰማው አድርጎ መቀየሩ ነው። አባቷ አንድ ጊዜ «ሥራሽ በውል ምንድን ነው?» ብሎ ጠይቋት ይህንኑ ነግራው ነበር፤ ሳቀና «ታዲያ ሌብነት ነዋ» አላት። ያኔ ይስቅ ነበር።

ለመሣሪያዎቹ ተጫዋቾች የየራሳቸውን ስም አውጥተውላቸዋል። ሽጉጧ «ማንኪያ» ናት፤ ጥይት እንደ ዝናብ የሚያወርደው «ወፍጮ» ነው፤ ከሩቅ አንድ አንድ እያለ የሚተኩሰው ረጅሙ ጠመንጃ ደግሞ «ዘነዘና»። ዘነዘና የሚዛን የራስ ምታት ነበር። ዘነዘና የያዘ ከአሥር ግጥሚያ ወደ ስድስቱ ያሸንፋል፤ ከሦስት ተጫዋች አንዱ እሱን ካልያዘ አይገባም። ስድቡ በየቀኑ ይጎርፍ ነበር። እናም የዛሬ አምስት ሳምንት ዓርብ ማስታወቂያ ወጣ፤ በዘነዘና አንድ ጥይት ከተተኮሰ በኋላ ሁለተኛው እስኪተኮስ ያለው ጊዜ ከስልሳ ሁለት መቶኛ ሰከንድ ወደ ሰባ አንድ መቶኛ ከፍ ብሏል የሚል። ዘጠኝ መቶኛ ሰከንድ፤ ዓይን እንኳ ተርገብግቦ አይጨርስባትም። ግን ሠራ። በሦስት ቀን ውስጥ የዘነዘና አሸናፊነት ወደ አራት ተኩል ወረደ። ሰው ሁሉ ጣለው። «ዘነዘናን ገደሉት» ብለው ያለቀሱም ነበሩ፤ አንዱ «በጥራጥሬ የምተኩስ ነው የሚመስለኝ» ብሎ ጻፈ፤ ሌላው ድምፁ ራሱ ተቀይሯል፣ ድሮ ደረት ውስጥ ይሰማ ነበር አለ። አንድ ሁለት ሰዎች በሰዓት ለክተን ምንም የተቀየረ ነገር የለም ቢሉ ተሰድበው ዝም አሉ። አለቃው ለሚዛን በስብሰባ ላይ አስጨበጨበላት።

ዛሬ ጠዋት ለሚቀጥለው አፕዴት ልትዘጋጅ የሰርቨሩን ፋይል ከፈተች። ዘነዘና፣ ስልሳ ሁለት።

መጀመሪያ የተሳሳተ ፋይል የከፈተች መሰላት። ዘግታ ከፈተችው። ስልሳ ሁለት። የራሷን ሠንጠረዥ አየች፤ እዚያ ሰባ አንድ ይላል፤ ጎኑ ላይ ግን ቢጫ ቀለም የተቀባች ትንሽ ቃል አለች፤ «ረቂቅ»። አስቀምጣዋለች እንጂ አልላከችውም። ማስታወቂያው ቀድሞ የተጫነ ስለነበር በሰዓቱ በራሱ ወጥቷል፤ ቁጥሩ ግን ከእሷ ጠረጴዛ ወጥቶ አያውቅም። አምስት ሳምንት ሙሉ በዘነዘና ላይ የተቀየረ አንዲት ነገር የለችም።

ሚዛን እጇን ከኪቦርዱ አነሣች። ሰው ይሳሳታል፤ ያስደነገጣት ስህተቱ አይደለም። እሷም ራሷ በዚያ ሰኞ ዘነዘናን አንሥታ ተኩሳበታለች። ከብዷታል። በሁለተኛው ጥይት ላይ ጣቷ ሲጠብቅ፣ ጠመንጃው እምቢ ሲላት፣ በገዛ እጇ ተሰምቷታል። «ጥሩ ነው፣ ትንሽ እንዲያውም አበዛሁት» ብላ ማስታወሻዋ ላይ ጽፋለች። ጽሑፉ እስካሁን አለ።

ነገሩን ለአለቃው ነገረችው። አለቃው በር ዘጋና «ጣት»ን ጠራው። ጣት የድርጅቱ ሞካሪ ነው፤ ቀኑን ሙሉ መጫወት ደመወዝ የሚከፈልበት፣ ከወገቡ በላይ ሰፊ፣ ከእሱ የፈጠነ ጣት በሕንፃው ውስጥ ስለሌለ እንዲህ የተባለ። መጀመሪያ ማሽኑን አስተኮሱት። ሰው የለበት፣ ስሜት የለበት፣ መቶ ጊዜ ተኮሰ፤ መቶውንም ስልሳ ሁለት። ከዚያ ፋይሉን ለጣት አሳዩት። ጣት አነበበና ሳቀ፤ «በሉ አምጡልኝ፣ የድሮው ናፍቆኛል» ብሎ ማዳመጫውን አጠለቀ። ሃያ ግጥሚያ ገጠመ። አሥራ ሁለቱን ተሸነፈ። ስድስት ሳምንት ቀደም ብሎ ከሃያው አሥራ ስድስቱን የሚወስድ ሰው ነው። ሚዛን ስክሪኑን ሳይሆን እጁን ነበር የምታየው። ሁለተኛው ጥይት ላይ ሲደርስ ጣቱ ትንሽ ቆም ትላለች። የሆነ ነገር እንደምትጠብቅ ሁሉ።

«እየጠበቅህ ነው» አለችው። «አትጠብቅ። ዝግጁ ነው እኮ።»

ጣት ማዳመጫውን አወለቀ። አይስቅም። «አውቃለሁ አልተቀየረም» አለ። «አየሁት። ግን ተቀይሯል።» ከዚያ ቀኝ እጁን አገላብጦ አየው፣ የሰው ዕቃ የተዋሰ ይመስል፤ አልተመቸኝም ብሎ ወጣ።

አለቃው ተነሥቶ በሩን መልሶ ዘጋ። «ተይው በቃ» አላት።

«እንዴት ተይው? አልሠራሁትም እኮ።»

«ተሠርቷል እኮ ነው የምልሽ። የምንፈልገው እንዲወርድ ነበር፣ ወረደ። አሁን ሰባ አንዱን ብትልኪው ጨርሶ ይሞታል። አልቀየርነውም ነበር ብንል ደግሞ ማንም አያምነንም፤ ጣትን አየሽው አይደል? በአፋችን ነው ያስተካከልነው። አንቺ ባትነኪውም ተስተካክሏል። ሁለተኛ እንዳታነሺብኝ።»

ወንበሯ ላይ ተመልሳ ያቺን ቢጫ ቃል እያየች ተቀመጠች። እንዴት ረሳሁት? የሚለው ነው ያልለቀቃት። ሚዛን የምትረሳ ሰው አይደለችም፤ ቤቷን ቆልፋ ወጥታ ሦስት ጊዜ ተመልሳ እጀታውን የምትጎትት ናት። ያን ዓርብ አስታወሰች። ከሰዓት በኋላ ነው። ሠንጠረዡን አስቀምጣለች። ቀስቱን «ላክ» የሚለው ላይ አምጥታ አቁማለች፤ ልትጫነው ነው። ስልኳ ጮኸ። እትዬ ናት፣ ከክሊኒኩ በረንዳ። ሰላምታ እንኳ የለም፤ በቀጥታ ታነባለች። «በተደረገው ምርመራ መሠረት በታካሚው ላይ ግልጽ የሆነ የልብ ድካም ምልክት» አለች፤ ከዚያ ድምፅዋ ተቆረጠና ሲቃ መጣ። ሚዛን ቦርሳዋን አንጠልጥላ ሮጠች። ቀስቱ እዚያው «ላክ» ላይ ቆሞ ቀረ።

ይህን እያሰበች ሳለ ዐረፍተ ነገሩ ላይ ቆመች። ምልክት ምን?

ደግማ በጆሮዋ ሰማችው። የልብ ድካም ምልክት። እዚያ ላይ አለቀ። ማሰሪያ አንቀጽ የለውም። ትምህርት ቤት ሳለች አንድ የቋንቋ አስተማሪ ነበራቸው፤ ተማሪ ዐረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ዝም ካለበት ጆሮውን ይዞ «እሺ፣ ልጁ ዳቦውን ምን አደረገው? በላው? ጣለው? ሸጠው?» እያለ ክፍሉን የሚያስቅ። በኛ ቋንቋ መሆንም አለመሆንም መጨረሻ ላይ ነው የሚታወቀው፤ እዚያ ሳይደርስ የቆመ ምንም አልሰማም። እትዬ አልጨረሰችም። ሚዛንም «እሺ፣ ምልክት ምን ሆነ?» ብላ አልጠየቀችም። «ታይቷል» የሚለውን ማን ጨመረው? ስልኩን ይዛ ስትሮጥ እሷው በልቧ ጨምራዋለች። እትዬም በራሷ ጨምራለች። አባዬ ከሁለቱም ፊት ላይ አነበበው።

ለማንም ሳትናገር ወጣች። ሰዓቱ ስምንት ተኩል ነው። አውቶቡሱ ውስጥ አንዲት ሴት ስለ ልጇ ሠርግ አዳራሽ ኪራይ ለጎረቤቷ ስታወራ፣ ዋጋውን እየጠራች ስታማርር፣ ሚዛን አንዲት ቃል አልሰማችም። ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወጣች። ጨርቅ የተጠቀለለበት በር ድምፅ ሳያሰማ ተከፈተ።

ሻንጣው ኮሪደሩ ላይ ቆሟል። እትዬ መኝታ ቤት የአባቷን ሸሚዞች ታጥፋለች። አባትየው ወንበሩ ላይ አሸልቧል፤ እግሩ አብጧል፤ ፊቱም በአምስት ሳምንት ውስጥ ከስቷል፤ ጉንጩ ገብቶ የማታውቀው አጥንት ብቅ ብሏል። ሚዛን በዚያ መለካት በለመደ ዓይኗ ስታየው የታመመ ሰው ነው። ተጠራጠረች። ቢሆንም የእትዬን ቦርሳ ከፍታ የክሊኒኩን የላስቲክ ማኅደር አወጣች። የመጀመሪያው ገጽ አለ፤ ከመታጠፍ ብዛት ለስልሷል። መጨረሻው መስመር «የልብ ድካም ምልክት» ይላል፤ ከዚያ በታች ባዶ የወረቀት ጠርዝ ብቻ። ከእሱ ሥር የልብ ምቱ የተሳለበት ያ የሚያብረቀርቅ ረጅም ወረቀት አለ፣ የታተመው ከላይ፣ ጀርባው ነጭ። ስትዳስሰው ከጀርባው ሌላ ወረቀት የተለጠፈበት ያህል ወፍሮ ተሰማት። በጥፍሯ ፈልቅቃ ለየችው።

ሁለተኛው ገጽ በአንድ ቃል ይጀምራል። «አልታየም።» ከሥሩ ደግሞ፣ ማዞሩ ከውኃ ማነስ ሊሆን ስለሚችል በብዛት ይጠጡ፣ በቀን ግማሽ ሰዓት ይራመዱ፣ የተለመደ ሥራዎን አያቋርጡ ይላል።

ሚዛን ደስታዋ አናቷ ላይ ወጣ። ደስታ ሲባል ሳቅም ለቅሶም ያልሆነ ዓይነት። እትዬን እጇን ጎትታ ወደ ወጥ ቤት አስገባቻትና ሁለቱን ገጾች አጋጥማ አሳየቻት። እትዬ ሦስት ጊዜ አነበበችው። ቀላች፣ ከዚያ ነጣች። ደስ ይላታል ተብሎ ሲጠበቅ ወንበር ስባ ተቀመጠችና እጇ ላይ የቀረውን ሸሚዝ እያሻሸች፣ «ታዲያ እግራቸው ለምን አበጠ?» አለች።

«እትዬ፣ አምስት ሳምንት ሙሉ ካስቀመጥሽው ለምን አያብጥ?»

«ማታ ማታ የሚያቃስቱትስ? እኔ ነኝ የምሰማው፣ አንቺ አትሰሚም። ወረቀቱን እንኳ ተይው። እኔ ዝም ብዬ ነው እንዴ ቤቴን ጥዬ እዚህ የከረምኩት?»

ሚዛን ወረቀቱን ይዛ ወደ አባቷ ሄደች፤ ቀስቅሳ መነጽሩን አደረገችለት፤ ጉልበቱ ሥር ቁጢጥ ብላ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በጣቷ እየመራች አስነበበችው። አባቷ ገጹን ገለበጠ፣ መልሶ ገለበጠ። ወረቀቱን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው፣ ድሮ የብረት ገመድ እንደሚዳስሰው።

«ቢሮሽ ማተሚያ አለ አይደል?» አላት።

«ምን ማለትህ ነው?»

«ምንም። ሥራሽን ነግረሽኛል እኮ። ሰውየው እንዳይሰማው አድርገሽ ከፍ ዝቅ ታደርጊዋለሽ።» ጭንቅላቷን ዳበሳት። አልተቆጣም፤ ያ ነው አንጀቷን የበላት። «እንዳይሰማኝ ብለሽ ነው። አውቃለሁ። እግዚአብሔር ይስጥሽ።»

«አባዬ፣ እኔ አልጻፍኩትም። ስትሞትም ስትድንም እኔ አልዋሽህም። ጤነኛ ነህ። እስቲ» አለችና ብድግ ብላ ሁለት እጁን ያዘች፤ ተነስ ልትለው ነው፤ አፏ ላይ ግን ሌላ መጣ። «እስቲ ይነሱ።»

ሦስቱም ሰሙት። ወጥ ቤት በር ላይ የቆመችው እትዬ እንኳ ዓይኗን ወለሉ ላይ ጣለች። ሚዛን ምላሷን ልትነክስ ምንም አልቀራት። አባቷ ግን ታዛዥ ነው፤ ተነሣ። ሁለት እርምጃ ሄደ። ሦስተኛው ላይ እግሩን ከማንሣቱ በፊት ቆም አለ። የሆነ ነገር የሚጠብቅ ሰው ነው የሚመስለው። ሚዛን ያቺን መቆም ዛሬ ረፋድ ላይ የጣት እጅ ላይ አይታታለች፤ አሁን በአባቷ ጉልበት ውስጥ አየቻት። ዝግጁ ነው እኮ፣ አትጠብቅ፣ ልትለው ፈለገች፤ ሳትለው እሱ ወደ ወንበሩ ተመለሰ፤ ግንባሩ በላብ ረጥቧል።

ያኔ ነው ገብቶኛል ያለችው። ነገሩ የመጣው በእትዬ ድምፅ ነው፤ መፍረስ ያለበትም በእትዬ ድምፅ ነው። እህቷን ለመነቻት። «እትዬ፣ ባክሽ፣ ያን ቀን እንዳነበብሽው አንብቢለት። ከላይ ጀምረሽ። ገጹን ገልብጠሽ እስከ መጨረሻው።» እትዬ አንገራገረች፣ እጇን በቀሚሷ ጠረገች፣ በመጨረሻ ወረቀቱን ተቀብላ ቆማ ማንበብ ጀመረች። በተደረገው ምርመራ መሠረት። በታካሚው ላይ። ግልጽ የሆነ። የልብ ድካም ምልክት። እዚህ ጋ ስትደርስ ድምፅዋ እንደዚያን ቀን ሊቆረጥ ነበር፤ ማቀዝቀዣው ሲያጉረመርም ይሰማል፤ ገጹን ገለበጠች። «አልታየም» አለች።

አባትየው መነጽሩን አወለቀ። ፊቱ ላይ የሆነ ነገር ላላ፤ ሚዛን አየችው፤ ከአምስት ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ሊል ነው። 

«አልታየም ነው የሚለው?»

«አዎ አባዬ» አሉ ሁለቱም።

«ምልክቱ አልታየም።»

«አዎ።»

ራሱን ነቀነቀ። ድምፁ ረጋ ያለ፣ ሥራውን የሚያውቅ የባለሙያ ድምፅ ነበር፤ ድሮ ተለማማጆቹን ሲያስተምር እንዲህ ነበር የሚናገረው። «ይኸውልሽ ልጄ። እኔ ሠላሳ ስምንት ዓመት ገመድ አይቻለሁ። ምልክት ያሳየ ገመድ ማንንም ገድሎ አያውቅም። ክር ይበጠሳል፣ ይዝጋል፣ ትሰሚዋለሽ፣ ትቀይሪዋለሽ። የሚጥለው ያ ምንም የማያሳየው ነው።» ወረቀቱን ከእትዬ እጅ ወስዶ በጥንቃቄ አራት ላይ አጠፈው። «ካልታየማ የባሰ ነው። ተደብቋል ማለት ነው።»

እትዬ እጇን አፏ ላይ አደረገች። «እኔም ሆዴ ነግሮኝ ነበር» አለች በሹክሹክታ፤ ጮክ ብሎ መናገር የቀረው ያን ደቂቃ እንደሆነ ሁሉ። ከዚያ ሮጣ ሸሚዞቹን ልትጨርስ ሄደች። ሚዛን ልትከተላት፣ ልትጮህ፣ ወረቀቱን ቀድዳ ልትጥለው ፈለገች፤ ቀድዳ ምን ልትል? አንድ ቃል ብቻ ነበር የቀረው፤ እሱም ተላከ፤ ደረሰ፤ እንዲህ ሆኖ ደረሰ።

ከታች መኪና ሁለት ጊዜ ጥሩንባ ነፋ። አባትየው ኮቱን ጠየቀ። ክንዱን በእጀታው ውስጥ ሲያስገባ እንደ ሸክላ ነበር የሚጠነቀቀው። ለሚዛን ወረቀቱ ኪሱ ውስጥ እንዳለ በላዩ ላይ መታ መታ አድርጎ አሳያት፤ ለሐኪሙ አሳየዋለሁ ማለቱ ነው። ጥፋት የሠራ ልጅ እንደሚባበል ሁሉ አባበላት። «አትዘኚ። የሞከርሽውን ሞክረሻል» አለ። እትዬ ሻንጣውን አቁማ ሊሰናበቱ ሲሉ ታናሽ እህቷን ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አየቻት። ዓይኗን ጠበብ አደረገች። ቀረብ ብላ አገጯን ይዛ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረቻት።

«አንቺ ደግሞ ፊትሽ ልክ አይደለም» አለች፣ በዚያ ለታማሚ በሚወጣ ዝግ ያለ ድምፅ። «ከመቼ ወዲህ ነው እንዲህ የሆንሽው?»

ሚዛን ምንም አልሆንኩም ልትል አፏን ከፈተች። ቃሉ ግን አልወጣም፤ ከመቼ ወዲህ እንደሆነ ማሰብ ጀምራ ነበር።